የእስክንድርያ መንገደኞች

ናፖሊዮን ቦናፓርት በ1798 ጦሩን ጭኖ ግብፅ ሲደርስ ያያት እስክንድርያ በመጽሐፍ ያነበባት አልነበረችም። ታላቁ እስክንድር ያቀናት፣ ክሌዎፓትራ የነገሠችባት፣ ቅዱስ ማርቆስ የሰበከባት ከተማ ሕዝቧ 10 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ነዋሪው በሁለት ወደቦች መካከል በቀረች ቀጭን መሬት ላይ ተጠጋግቶ ይኖራል፤ ከቤቶቹ ጀርባ ያለው ፍርስራሽና አሸዋ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ያን ጊዜም «ጳጳስ ከእስክንድርያ መጣ» ይባል ነበር። መንበሩ ግን ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደ ካይሮ ተዛውሯልና ጳጳስ ለማምጣት የተላከው መልእክተኛ ይቺን ባህር ሳያይ ይመለሳል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋን የጣላት መንገድ ማጣቷ ነው። አባይ በአጠገቧ አያልፍም፤ ለእሷ የሚቀርበው የወንዙ አፍ በስተምሥራቅ፣ ረሺድ ላይ ነው። ከላይኛው ግብፅ የሚወርድ እህል ረሺድ ይደርስና ደለልና ማዕበል የሚጋፉበትን፣ ጀልባ የሚገለብጠውን ቦታ አልፎ፣ በባህር ዞሮ ወደ እስክንድርያ ይገባል። ንፋሱ ካልበረደ ባለጀልባው ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም። በ1805 ሥልጣን የያዘው ሙሐመድ ዓሊ ፓሻ እህሉንና በኋላም ጥጡን ለአውሮፓ ለመሸጥ ቸኩሎ ስለነበር መጠበቁ አልተስማማውም። በ1817 ከአባይ እስከ ወደቡ የሚደርስ ቦይ ማስቆፈር ጀመረ። በሦስት ዓመት ውስጥ ተጠናቀቀና በኦቶማኑ ሱልጣን በማሕሙድ 2ኛ ስም ማሕሙዲያ ተባለ። የቆፈሩት ከየመንደሩ እየተነዱ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ብዙዎቹ መሣሪያ እንኳ ስላልነበራቸው ጭቃውን በእጃቸው ያወጡ ነበር። በረሃብ፣ በጥምና በድካም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት አለቁ፤ የሞተውም በወደቀበት በቦይው ዳር ተቀበረ።

ዛሬ እስክንድርያ ስትነሳ ለግብፃዊ የሚታወሰው የበጋ ዕረፍት፣ ጥላና አሸዋ ነው። ወደዚያ አሸዋ የሚያደርሱት መንገዶች ግን ከአንዱ በቀር ለዋናተኛ ተብለው አልተሠሩም። አንዱ ለጥጥ ነበር፣ ሌላው ለፖስታ፣ ሌላውም ለጦር። ዋናተኛው የመጣው ጥጡ ካለፈ በኋላ ነው።

ከቦይው ቀጥሎ የመጣው ፖስታ ነው። በ1830ዎቹ ቶማስ ዋግሆርን የተባለ እንግሊዛዊ የባህር ኃይል መኮንን የሕንድን ፖስታ አፍሪካን ዞሮ ከመላክ በግብፅ ቆርጦ ማሳለፍ ወራት ያተርፋል ብሎ ተነሣ፤ ትክክልም ነበር። መንገደኛው ከእንግሊዝ በመርከብ መጥቶ እስክንድርያ ይወርዳል። በማሕሙዲያ ላይ ፈረስ በሚጎትታት ጀልባ አባይ ዳር ይደርሳል፣ በእንፋሎት ጀልባ ሽቅብ ወደ ካይሮ ይጓዛል፣ ከዚያም በረሃውን በሰረገላ አቋርጦ ስዊዝ ላይ ሌላ መርከብ ይሳፈራል። እስክንድርያ ለዚያ መንገደኛ ሻንጣውን የሚቆጥርባትና ከአህያ ነጂ ጋር የሚጨቃጨቅባት ከተማ ነበረች። ዕቃው ከተጫነለት ዞር ብሎ አያያትም።

ፖስታውን ለማፋጠን ነበር እንግሊዞች የሙሐመድ ዓሊን የልጅ ልጅ፣ ዓባስን፣ ባቡር እንዲያስገባ የጎተጎቱት። ዓባስ በ1851 ከኢንጂነር ሮበርት ስቲቨንሰን ጋር ተዋዋለ። ይህ ሰው ባቡርን ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ የሆነው የጆርጅ ስቲቨንሰን ልጅ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1854 ተከፈተ፤ በ1856 ሐዲዱ ካይሮ ገባ። ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠው ይህ መስመር በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው የባቡር መንገድ ነው። አንድ ጎዶሎ ነገር ግን ቀርቶት ነበር። ከፍር ኤል ዘያት በምትባለው ከተማ ሐዲዱ የአባይን አንድ ቅርንጫፍ ያገኛል፤ ድልድይ ግን ገና አልተሠራም። ፉርጎዎቹ በእንፋሎት በሚሠራ መሻገሪያ ጀልባ ላይ እየተጫኑ ወዲያ ማዶ ይደርሳሉ።

በሜይ 1858 ገዢው ሰዒድ ፓሻ እስክንድርያ ላይ ግብዣ አድርጎ ዘመዶቹን ጠራ። ግብዣው አልቆ መኳንንቱ ወደ ካይሮ በልዩ ባቡር ሲመለሱ፣ ከፍር ኤል ዘያት ላይ መኳንንቱ ያሉበት ፉርጎ ወደ ወንዙ ገባ። የሰዒድ አልጋ ወራሽ የነበረው የወንድሙ ልጅ አሕመድ ሪፍዓት ሰጠመ። ሓሊም የተባለው ልዑል ከውሃው ወጥቶ ተረፈ። ከተጠሩት አንዱ የነበረው የአሕመድ ወንድም እስማኤል ግን በዚያ ቀን ባቡሩ ላይ አልነበረም። የዘር ሐረጉ ደንብ በዕድሜ ታላቅ የሆነውን የቤቱን ወንድ ያነግሥ ስለነበር ወራሽነቱ ለእስማኤል ሆነ። እስማኤል በመቅረቱ ሐሜት መነሣቱ አልቀረም፤ ሐሜቱን የሚደግፍ ማስረጃ ግን አልተገኘም። መሻገሪያውም ብዙ ሳይቆይ በድልድይ ተተካ።

ይህ አደጋ በግብፅ ታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። ለእኛ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለኝም። በጃንዋሪ 1863 ሰዒድ ሲሞት የተተካው እስማኤል፣ ኋላ ከዲቭ የተባለው፣ ቀይ ባሕርንና የአባይን ምንጭ በአንድ ግዛት ሊያጠቃልል የተመኘው፣ በ1868 ዓ.ም. ጦሩን ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎም ጉራ ላይ አሰልፎ በአፄ ዮሐንስና በራስ አሉላ የተመታው እስማኤል ነው። ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ኤታማዦር ሹም ሆኖ የዘመተው አሜሪካዊው ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ አስቀድሞ የተሰጠው ሥራ የግብፅን የሜዲትራኒያን ዳርቻ ምሽጎች ማደስ ነበር። አሕመድ ሪፍዓት ከዚያ ወንዝ ቢወጣ ኖሮ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር አትዋጋም ነበር ለማለት አልደፍርም። ያ ጦርነት የእስማኤልን ጠባይና የእስማኤልን ዕዳ ይመስላል ማለት ግን ይቻላል።

እስማኤል በነገሠበት በዚያው ጃንዋሪ እስክንድርያ ላይ ሌላም ነገር ተጀመረ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ራምል የሚባል አሸዋማ ዳርቻ አለ፤ ያን ጊዜ በለስና የበዱዊን ድንኳን የሚታይበት ነበር። ፌርማን የተባለ እንግሊዛዊ በ1860 ፈቃድ አውጥቶ ወደዚያ ሐዲድ አስዘረጋ። የመጀመሪያው ፉርጎ በፈረስ ተጎትቶ ተጓዘ፤ በዚያው ዓመት ፈረሱ በእንፋሎት ተተካ፤ በ1904 ደግሞ ኤሌክትሪክ ገባ። ለዋናተኛ ተብሎ የተሠራው መንገድ ይህ ነው። ገንዘቡ እንኳ ያው የጥጥ ነው፤ አሜሪካኖች በእርስ በርስ ጦርነት ሲጠመዱ የግብፅ ጥጥ ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ከጥጥ የከበሩት ግሪኮች፣ ጣሊያኖች፣ ሶርያውያን፣ አይሁድና እንግሊዞችም በአሸዋው ላይ ቪላ መሥራት ጀመሩ። ትራሙ ከቤታቸው በር ላይ ያነሣቸዋል። ጣቢያዎቹም በስማቸው ተጠሩ፦ ፍሌሚንግ፣ ቡልክሊ፣ ባኮስ፣ ግሊሜኖፑሎ፣ ዚዚንያ፣ ሹትስ። በ1887 ሳን ስቴፋኖ የተባለው ሆቴልና ካዚኖ ተከፈተና ከካይሮ ሙቀት የሚሸሽ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ሆነ።

እስማኤል ራሱ በዚህ ዳርቻ ብዙ አልተደሰተም። ዕዳው አንቆት በጁን 1879 ከሥልጣን ወረደ። በካይሮ ባቡር እስክንድርያ ደርሶ ለራሱ ባሠራት ማሕሩሳ በተባለች መርከብ ወደ ኔፕልስ ተሰደደ። የጣሊያን ንጉሥ ቤት ሰጥቶ ተቀበለው። ትንሹ ልጁ ፉአድ በጣሊያን አደገ፣ ቱሪን በሚገኘው ወታደራዊ ትምህርት ቤት ተማረ። ይህን እንግድነት ልብ ይሏል፤ ከስድሳ ሰባት ዓመት በኋላ ይከፈላል።

በጁላይ 1882 የእንግሊዝ መርከቦች ከተማዋን በመድፍ ደበደቧት፤ መሀሉ ነደደ፤ እንግሊዞችም ገብተው ቀሩ። ከተማዋ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተመልሳ ተሠራች። የከዲቩ የልጅ ልጅ ዓባስ ሒልሚ ምሥራቁን የዳርቻ ጫፍ፣ ሙንተዛን፣ ለቤተ መንግሥት መረጠ። ከዚያ ወዲያ በየበጋው መንግሥቱ ራሱ ወደ እስክንድርያ ይሄድ ጀመር። ሚኒስትሮች ፋይላቸውን አስጭነው በባቡር ይወርዳሉ፣ ቡልክሊ ላይ ቢሮ ይከፍታሉ፣ መስከረም ሲጠባ ይመለሳሉ። ከሚኒስትር ጉዳይ ያለው ባለጉዳይም ወደደም ጠላ የባህር ዳር መንገደኛ ሆነ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር ለቀይ መስቀል ሊሠራ መጥቶ ከሦስት ዓመት በላይ ተቀመጠ። በራምል ትራም ሲመላለስ መሐመድ ኤል አድል ከተባለ ወጣት ትኬት ቆራጭ ጋር ተዋወቀ፤ በሕይወቱ ከወደዳቸው ሰዎች አንዱ ሆነ። ፎርስተር በ1922 ያሳተመው የከተማዋ ታሪክና መመሪያ የተጻፈው በትራም እግር ነው ማለት ይቻላል፤ አንባቢውን ይህን መስመር ያዝ፣ እዚህ ውረድ እያለ ይመራል። የመጽሐፉ ዕጣ ራሱ አስቂኝ ነው። አሳታሚው ክምችቱ በእሳት ወደመ ብሎ ለደራሲው የመድን ካሣውን ላከለት። ቆይቶ መጻሕፍቱ ሳይቃጠሉ ምድር ቤት ተገኙ። ካሣው ተከፍሏልና አሁን ምን ይደረግ? አቃጠሏቸው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኮርኒሽ የሚባለው የባህር ዳር ጎዳና ከምሥራቁ ወደብ እስከ ሙንተዛ ተዘረጋ። ውሉን የወሰደው ጣሊያናዊ ተቋራጭ ነበር፤ በክፍያው ዙሪያ የተነሣው ቅሌት የጠቅላይ ሚኒስትር ሲድቂን መንግሥት አናግቷል። ጎዳናው ግን የከተማዋን ፊት ለወጠው። እስከዚያ ድረስ ቪላዎቹ ጀርባቸውን ለባህሩ፣ ፊታቸውን ለትራሙ ሰጥተው ነበር፤ መኪና ሲመጣ ሁሉም ወደ ባህሩ ዞረ። በዚያው አሥር ዓመት ከካይሮ የሚመጣው የበረሃ መንገድም ተከፈተ፤ መኪና ያለው ሰው የባቡር ሰዓት መጠበቁ ቀረለት።

ወደ እኛ የሚመልሰን ደግሞ 1935 ነው። የሙሶሊኒ ወታደሮች የስዊዝን ቀረጥ እየከፈሉ ወደ ምፅዋ ሲያልፉ፣ እንግሊዝ የሜዲትራኒያን መርከቦቿን ከማልታ አንሥታ እስክንድርያ ወደብ አስገባች፤ ማልታ ለጣሊያን አውሮፕላን እጅግ ትቀርብ ነበርና። በዚያ በጋ ከኮርኒሽ ላይ ባህሩን የሚያይ ሰው የሚያየው በኢትዮጵያ ጉዳይ የተሰለፈ ብረት ነበር፤ ብረቱ ግን አልተኮሰም፣ ስዊዝም አልተዘጋም። የእስክንድርያው ልዑል ዑመር ቱሱን ከኮፕት ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጋር ሆኖ ለኢትዮጵያ እርዳታ የሚያሰባስብ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሐኪሞችም ተላኩ። በዚያችው ከተማ ብዙ ሺህ ጣሊያኖችም ይኖሩ ነበር። አንድ ትራም ላይ ጎን ለጎን ተሳፍረው የማይነጋገሩ ጋዜጣ አንባቢዎች መኖራቸውን መገመት ከባድ አይደለም።

አምስት ዓመት አለፈ። ጣሊያን ጁን 10 ቀን 1940 ጦርነት አወጀች። በሰኔ 18 ቀን 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የተነሣ በባህር ላይ የሚያርፍ ወታደራዊ አውሮፕላን እስክንድርያ ወደብ ውሃው ላይ አረፈ። ከውስጡ አፄ ኃይለ ሥላሴ ወጡ። ከጥቂት ተከታዮች ጋር ነበሩ፤ ዲፕሎማቱ ሎሬንዞ ታዕዛዝና ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር አብረው ነበሩ። ጉዞው ምስጢር ነው። የሱዳን የእንግሊዝ ሹማምንት ንጉሡ መምጣታቸውን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም፤ ካርቱምን ጣሊያን ይደበድብብናል ብለው ሰግተዋል። ስለዚህ ንጉሡ ወደ ዋዲ ሐልፋ አልፈው እዚያ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ካርቱም የገቡት ከቀናት በኋላ ነው። በእስክንድርያ ያሳለፉት ጊዜ አጭር ነው፤ ሆኖም በእንግሊዟ ከተማ በባት በስደት ለአራት ዓመት ከኖሩ በኋላ ወደ አገራቸው በሚወስደው መንገድ ላይ የረገጡት የመጀመሪያው የአፍሪካ ምድር ይህ የመዝናኛ ዳርቻ መሆኑ ብዙ አይነገርም።

በጁላይ 1942 መጀመሪያ የጀርመኑ የጦር አዛዥ ሮመል ኤል ዓላሜይን ሲደርስ ወደ ከተማዋ የሚያደርሰው መንገድ ሁሉ ከከተማዋ መሸሻ ሆነ። መርከቦቹ ወጡ፣ የካይሮ ባቡር በሰው ተጨናነቀ። ጀርመኖች ግን ሳይገቡ ቀሩ።

ቀጥሎ የመጣው መንገደኛ የማይጠበቅ ነው። በሜይ 1946 የጣሊያኑ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ ዘውዱን ለልጁ ለቆ በመርከብ እስክንድርያ ገባ። ከ1936 ጀምሮ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ የተሸከመው ያው ሰው ነው። የተቀበለው ንጉሥ ፋሩቅ ነው፤ የፉአድ ልጅ፣ የእስማኤል የልጅ ልጅ። አያቱ ኔፕልስ ላይ የበላውን እንጀራ የልጅ ልጁ እስክንድርያ ላይ መለሰ። ስደተኛው ንጉሥ በዲሴምበር 1947 እዚያው ሞተ፣ በቅድስት ካተሪን ካቴድራልም ተቀበረ። ፋሩቅ ራሱ በጁላይ 26 ቀን 1952 ከራስ ኤል ቲን ቤተ መንግሥት ወርዶ ተሰደደ። የተሳፈረባት መርከብ አያቱን የወሰደችው ማሕሩሳ ነበረች፤ የሄደውም ወደዚያው ወደ ኔፕልስ ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህን ቢጽፍ አጋነንክ ይባል ነበር።

በዚያው ጁላይ 26 ቀን፣ በ1956፣ ጋማል አብደል ናስር መንሺያ አደባባይ ላይ ስዊዝን መውረሱን አወጀ። የዚያ ዓመት ጦርነትና የተከተለው ውርስ የውጭ አገር ሰዎችን አስወጣ። ሄዱ፤ ስማቸው ግን በትራም ጣቢያ ቀረ። ግሊሜኖፑሎ ማን እንደነበረ የማያውቅ ተማሪ ዛሬም «ግሊም ላይ አውርደኝ» ይላል። ባህሩ ለሰፊው ሕዝብ ተከፈተ፤ ሙንተዛ መናፈሻ ሆነ፣ የካይሮ መካከለኛ ቤተሰብ በየበጋው ቤት ተከራይቶ መምጣት ለመደ። ለባህር የመጣ ሰው ባቡሩ መጨረሻው ላይ፣ ምስር ጣቢያ፣ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ሲዲ ጋብር ላይ ይወርዳል። ከዚያ በትራም፣ በጥቁርና ቢጫ ታክሲ፣ ወይም የከተማዋ ሰዎች ማሽሩዕ በሚሉት ሚኒባስ ይበተናል። ማሽሩዕ በኮርኒሽ ላይ ሲከንፍ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ እጅ ማንሣት፣ መግባት፣ ሳንቲም ከወንበር ወንበር ማቀባበል ነው። ክረምቱ ሌላ ነገር ነው፤ እስክንድርያውያን የባህር ማዕበሎቹን በስም ያውቋቸዋል፣ በኅዳር የሚመጣውን «መጥረጊያ» ይሉታል፤ በዚያ ሰሞን ኮርኒሽ ላይ ባህሩ መኪናውን ያጥባል።

ሀብታሞቹ ግን ሸሹ። መጀመሪያ በስተምዕራብ ወደ ዐጀሚ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሳሕል ወደሚባለው የሰሜን ዳርቻ አጥር ወዳላቸው መንደሮች። የካይሮ ባለመኪና ዛሬ በበረሃው መንገድ መጥቶ ከተማዋን ሳይነካ ያልፋል። አውሮፕላን ማረፊያውም ከከተማው ዳር ወደ ቦርግ ኤል ዓረብ፣ ወደ ምዕራቡ በረሃ ርቋል። የሳን ስቴፋኖ ሆቴል ፈርሶ በቦታው ፎቅና የገበያ ማዕከል ቆሟል። በ2017 ማብቂያ የቪክቶር ኢማኑኤል አስከሬን በጣሊያን ወታደራዊ አውሮፕላን ተጭኖ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ማሕሙዲያ ቦይ በከተማዋ ውስጥ ያለው ክፍሉ ተደፍኖ በ2020 የመኪና ጎዳና ሆነ፤ ገበሬዎቹ በእጃቸው የቆፈሩት ላይ አሁን ታክሲ ይሄድበታል። ወደ አቡ ቂር የሚሄደው አሮጌ ባቡር ወደ ሜትሮ እየተቀየረ ነው፤ ለራምል ትራም ማደሻም ከአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክና ከፈረንሳይ የልማት ድርጅት ብድር ተይዟል። በ2021 ደግሞ ግብፅ በቀይ ባሕር ዳር ካለችው ዓይን ሱኽና ተነሥቶ በእስክንድርያና በአዲሱ ዓላሜይን አልፎ መርሳ ማትሩሕ የሚደርስ 660 ኪሎ ሜትር የፈጣን ባቡር መስመር ለማሠራት ተዋዋለች። መስመሩ የሳሕልን የበጋ እንግዳ ያመላልሳል ተብሏል፤ ሌሊት ሌሊት ግን በሁለቱ ባሕሮች ወደቦች መካከል ኮንቴይነር እንዲጭን ነው የታሰበው።